ጋቢ የለበሰው አግዳሚ

ሰበታ፣ የጅማ መንገድ ዳር፣ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። አንዲት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪ አስፋልቱን ልትሻገር ስትል የበትሯ ጫፍ የቦይ መክደኛ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ ተሰበረ። ልጅቷ ባለችበት ቆመች። የተሰበረውን ጫፍ በጣቷ እየዳሰሰች ለብቻዋ ሳቅ አለች። ማልቀስ ያሳፈረው ሰው የሚስቀውን ሳቅ ነው የሳቀችው።

ሚኒባስ ሊሳፈር አንድ እግሩን ያነሣ ሰውዬ ይህን አየና ተመለሰ።

"ፋዘር፣ ትገባለህ አትገባም?" አለው ረዳቱ።

ሰውዬው ወደ ልጅቷ ሄዶ በትሯን ተቀበላት። ከኮቱ ኪስ አውራ ጣት የምታክል የነሐስ ቱቦ አወጣ፤ የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ ናት። የበትሩን ጫፍ በሰንጢ ጠረበና ቱቦዋን አጠለቀለት። ከዚያ ድንጋይ አነሣ። ከመምታቱ በፊት ግን ግራና ቀኙን አየ፤ ሊሰርቅ ያሰበ ሰው ነበር የሚመስለው። የሚያየው እንደሌለ ሲያምን ቶሎ ቶሎ አራት ጊዜ መታ፣ ድንጋዩንም እንዳቃጠለው ሁሉ ወረወረው።

"ይኸው የኔ ልጅ። እንጨቱ ያልቃል እንጂ ይቺ አታልቅም።"

"ስንት ልክፈል አባባ?"

"ጸልዪልኝ።"

ልጅቷ ልትጨብጠው እጇን ዘረጋች። ሰውዬው እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። እሷ ይህን አላየችምና እጇን እንደዘረጋች ጠበቀች። መጨረሻ ላይ ሰጣት።

"ምንድን ነው ሥራዎ?" አለችው፣ መዳፉን በጣቷ እየዳሰሰች።

"ብየዳ ነው።"

"ብየዳ ብቻ አይመስልም" አለችና በትሯን እያንኳኳች ተሻገረች።

ይህን የሚጽፈው ሰው ያን ቀን ያንኑ ታክሲ ይጠብቅ ነበር። ሰውዬውን ያውቀዋል። ከቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የሚኖረው በያጁ ወንዳፍራሽ ነው። ድንጋይ አንሥቶ ለመምታት ለምን ግራና ቀኝ እንደሚያይ ግን የገባው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ያስረዳውም ራሱ ወንዳፍራሽ ነው።

ወንዳፍራሽ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በሰፈሩ ካሉት የብረት በሮች ግማሹን የገጠመ እሱ ነው። አባቱ በሰሜን ሸዋ ገጠር ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገሩ ማረሻና ማጭድ ከእሳቸው እጅ ይወጣል፤ ካህናቱ በማኅሌት የሚይዙት ጸናጽል እንኳ የእሳቸው ሥራ ነው። ሰው ግን ማረሻውን ከእጃቸው አይቀበልም ነበር፤ መሬት ላይ ያስቀምጡታል፣ ሌላው ከመሬት ያነሣል። እሳቸው በመንገድ ሲያልፉ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ሌሊት ጅብ የጮኸ እንደሆነ፣ በማግስቱ ልጆች ወንዳፍራሽን ከበው "ትናንት አባትህ የት አመሹ?" ይሉታል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ቡዳ ደግሞ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ይህን የማያወራ አልነበረም። በዓይኑ ያየ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአገሩ ሲወጣ አባቱ እስከ ወንዙ ሸኙትና፣ "ልጄ፣ ሥራ ብታጣ ተሸከም፣ ቆፍር። ወናፍ ግን እንዳትይዝ። የኔ ስም እኔው ጋ ይቅር" አሉት።

እንደተባለው አደረገ። ተሸከመ፣ ቆፈረ፣ ኋላም ብየዳ ተማረ። ብየዳ በኤሌክትሪክ ነው፣ መነጽር ይደረግበታል፣ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ብየዳ የሚሠራን ሰው ቡዳ የሚለው የለም። የት ተወለድክ ሲሉት አንዴ ደብረ ብርሃን፣ አንዴ ሰንዳፋ ይላል። ለሚስቱ ለማሪቱ እንኳ የነገራት በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው።  ያን ዕለት ማታ ማሪቱ እሱ ጠጥቶ ያጋመሰውን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሣችና የቀረውን ውሃ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው። ሁለተኛ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። ለአንድ ልጃቸው ለትንሳኤም አልነገሯትም።

ነሐስ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። አሥር ዓመት ይሆነዋል፤ አዲስ አበባ አንድ የድሮ ግቢ በር ሲጠግን መዝጊያው ላይ ያለውን የነሐስ አንበሳ ጆሮው ተሰብሮ አገኘው። ቤቱ አምጥቶ፣ ማንም ሳያየው፣ አባቱ ያደርጉ እንደነበረው ጆሮውን በሰም ሠራ፤ ሰሙን በጭቃና በፈረስ ፋንድያ ለበጠ፤ በእሳት ሰሙን አቅልጦ አፈሰሰና በሰሙ ቦታ ነሐስ ሞላ። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልነካውን ሥራ እጁ አንዱንም አልረሳም። ያንን ጆሮ ያየች ሐኒ የምትባል ሴት ፈልጋ አገኘችው። ሐኒ የጥበብ ሥራ ለሚሰበስቡ ሀብታሞች ዕቃ ታሠራለች። ከዚያ ወዲህ በጓሮው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሦስት ቁራዎች በክንፋቸው የተሸከሙት ጠረጴዛ፣ ዔሊ የመሰለ በርጩማ፣ ዋልያ በቀንዱ የደገፈው ወንበር ሠራ። ሁሉም ባሕር ተሻግረው ሄዱ። ጎረቤት ሲጠይቀው "የበር ጌጥ ነው" ይላል።

ያለፈው ዓመት ሐኒ መጣችና እዚያው ጓሮ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሽ ወንዴ፣ አንድ ሰውዬ አግዳሚ ወንበር ይፈልጋል። ጅብ ያለበት።"

"ጅብ አልሠራም።"

"ለምን?"

"አይሆንልኝማ።"

"አንበሳ የሆነልህ ሰውዬ ጅብ እምቢ አለህ? አትቀልድ እንጂ!"

"ሌላ ፈልጊ ሐኒዬ።"

"ሌሎች ሞክረዋል። ሁሉም የሚሠሩት ጥርሱን ነው። ሰውዬው ደግሞ ጥርስ አልፈልግም ብሏል።"

ወንዳፍራሽ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሱሉልታ የመጋዘን በር ሊገጥም ሄዶ ያደረ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ አጥንት ከሚጣልበት ሜዳ ዳር አንዲት ጅብ አይቶ ነበር። ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ ጭጋጉ ውስጥ ታዘግማለች። የበሬ ጭን የሚሰብረው መንጋጋ የግልገሉን አንገት የያዘው እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ነበር። በልጅነቱ ስሙን ያከበደበት አውሬ ይህ መሆኑን ማመን አልቻለም። ያየውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

"ጥርስ አልፈልግም አለ?" አላት።

"አዎ።"

"እሺ በይው።"

አራት ወር ፈጀበት። ሰሙ አንዴ ከፈሰሰ መመለሻ የለውም፤ ነሐሱ በትክክል ካልወረደ የአራት ወር ልፋት ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ወረደ። ጭቃውን ሲሰብር ከውስጥ አንዲት የተኛች ጅብ ወጣች። ጀርባዋ መቀመጫው ነው። አንገቷን ወደ ቀኝ አዙራ፣ የሚቀመጥ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ራሷን ዝቅ አድርጋለች፤ ከአገጯ ሥር ግልገሏ አለ። አካሏን በየክፍሉ በአባቱ እሳት አቅልጦ አፍስሶ፣ ክፍሎቹን በራሱ ብየዳ አያያዛቸው። ሲጨርስ ጓሮው ውስጥ ብቻውን ቆሞ "ተመስገን" አለ። 

በዚያው ሳምንት ትንሳኤ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ገባች። እዚያው ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት።

"አባዬ፣ ዮኒ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሁድ።"

"የትኛው እሁድ?"

"የፊታችን!"

ዮኒን ወንዳፍራሽ ይወደዋል። ቤተሰቡ ቡራዩ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከሰሜን የመጡ፣ ዘር ቆጥረው የሚዳሩ ሰዎች ናቸው። የሐኒ የጭነት መኪና ደግሞ ገና አልመጣም። የጓሮው ጥላ ግድግዳ የለውም፤ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ጅቧን ሳያይ አያልፍም። የመኝታ ቤቱ በር ጠባብ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ሳሎን አስገቧት፤ ግድግዳ አስጠጓት።

"እኔው እቀመጥበታለሁ" አላት ማሪቱን። "እኔ ከተቀመጥኩበት ማን ይነካዋል?"

ማሪቱ ከሣጥኗ አዲሱን ጋቢ አወጣች። ደርበው ደርበው አለበሷት፤ ጫፉን አስተካከሉ፤ አልጋ ልብስ ጨመሩበት። ወንዳፍራሽ ከበሩ ላይ ቆሞ አየውና ጅብ መሆኑ ጨርሶ አይታወቅም ብሎ ተደሰተ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። በጣም አሳምረው ሸፈኑት። ከሳሎኑ ወንበር ሁሉ ነጭ ጋቢ የለበሰው እሱ ብቻ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ያለው ቦታ የማን እንደሆነ ደግሞ ማንም አይጠፋውም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው የዮኒ አጎት ጋሽ አስቻለው ናቸው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከዘራ የያዙ።

"ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ" አለ ወንዳፍራሽ።

"አንቀመጥም!" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ እንደ ሥርዓቱ። "ጉዳይ ይዘን የመጣን ሰዎች ነን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ወንዳፍራሽ ልቡ ተመለሰ። እንዲህ ቆመው ቢጨርሱ ምን ነበረበት።

"አንተ ቁም!" አሉ ጋሽ አስቻለው ወደ ጓደኛቸው ዞረው። "እኔ ይህን ጉልበት ይዤ ከቡራዩ በሁለት ታክሲ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሥርዓቱን ተቀምጬ አስከብረዋለሁ።"

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ አስቻለው ቀጥታ ወደ ጋቢው ሄዱ።

"እዚህ ይሻልዎታል፣ ሶፋው ይመቻል" አለ ወንዳፍራሽ እየተንደረደረ።

"ተወኝ እባክህ። ሽማግሌ መሆኔን ያወቀ ሰው ያነጠፈው ነው።" ተቀመጡ። "ውይ! ይሄ ነው እንጂ ወንበር። ወገቤን ያዘው እኮ!"

ማሪቱ ውሃ አቀረበች። ጋሽ አስቻለው ግማሹን ጠጡና ብርጭቆውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ነገር ጀመሩ። ስለ ልጅቷ ጨዋነት፣ ስለ ዮናስ ሥራ፣ ስለ ሁለቱ ቤት መገናኘት እየተናገሩ፣ ቀኝ እጃቸው ያረፈበትን ነገር በጋቢው ላይ ሳያስቡት ያሻሹ ነበር፤ ሰው የተኛ ውሻ ራስ እንደሚያሻሽ። ወንዳፍራሽ ንግግሩን አልሰማም። የሚያየው እጃቸውን ብቻ ነው። እጁ ጆሮዋን አገኘ። ግንባሯን ወረደ። አፍንጫዋ ላይ ቆየ። ከሥር ግልገሉን ነካ።

"...እንግዲህ ልጃችን ዮናስም..." አሉና አቆሙ።

የጋቢውን ጫፍ ገለጡ።

"ጅብ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

"የሰው ዕቃ ነው!" አለች ማሪቱ። "ነገ የሚጫን... ተገዝቶ እዚህ የተቀመጠ የሰው ዕቃ ነው ጋሼ።"

ጋሽ አስቻለው ወንዳፍራሽን አዩት። "ማነው የሠራው?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አላውቅም ማለት ለወንዳፍራሽ አዲስ አይደለም፤ አባቱን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አላውቃቸውም ሲል ኖሯል። ግን ጅቧን አያት። የሽማግሌው መዳፍ ያሸው ግንባሯ ወዝ አውጥቶ ያበራል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"የት ተማርከው?"

"ከአባቴ።"

"አባትህ ምን ነበሩ?"

"ቀጥቃጭ።"

ማንም አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ እንደሚያዛጋ ሰው አፋቸውን ሸፍነው አማተቡ። ጋሽ አስቻለው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ "እንግዲህ እንመካከራለን" አሉ። ማሪቱ የደከመችበት ዶሮ ወጥ ሳይከፈት ቀረ። ሲወጡ ጋሽ አስቻለው ቀኝ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ነበር የያዙት፤ እርጥብ ቀለም የነካ ሰው እንደሚያደርገው። ያጋመሱት ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ቀረ።

ትንሳኤ ከውስጥ ክፍል ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

"አንድ ቃል አባዬ! ገዛሁት ብትል ምን ነበረበት?"

"ትንሳኤ..."

"ሃያ ስድስት ዓመት ዋሽታችሁኛል። አንድ ቀን፣ ዛሬን ብቻ፣ ብትዋሽልኝስ?"

 ወንዳፍራሽ እውነት መናገሩን አይጸጸትበትም፤ የእውነቱን ዋጋ የከፈለችው እሷ መሆኗ ግን እንቅልፍ ነሥቶታል። ዮኒ ሁለት ቀን ደወለላት፤ "ቤተሰቡ እስኪረጋጋ" አላት። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ዘጋ። ትንሳኤ ሻንጣ ይዛ ሱሉልታ ጓደኛዋ ረምዚያ ጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ሲደውል አታነሣም።

ወሬው ከቡራዩ ሰበታ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። በር ያዘዙ ሰዎች ሌላ በያጅ ፈለጉ። ወተት የምታመጣላቸው ዱርሲቱ ብቻ አልቀረችም፤ "ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ ላሜ ካልፈራችህ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ብላ ጣሳውን ከእጁ ተቀበለች። የቀረው ሰው በሩቅ ሆነ። ወጣቶች "ብየዳው ቡዳው!" እያሉ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። አንድ ጠዋት ራሱ በገጠመው የግቢ በር ላይ በከሰል የተሣለ ጅብ አገኘ። ቆሞ አየው። "ይኸው፣ እነዚህም ጥርሱን ብቻ ነው የሚያውቁት" አለና ሳያጠፋው ገባ። ማጥፊያ ጨርቅ የማንሣት አቅም እንኳ ከውስጡ ወጥቶ ነበር። ሰም አልነካም፤ እሳቱን አላነደደም። ማሪቱ ለጸሐፊው እንደነገረችው፣ ቀኑን ሙሉ ሳሎን ከጅቧ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይውላል፤ እሷ ላይ ግን አይቀመጥም።

እግዚአብሔር ሰውን ከጭቃ በእጁ እንዳበጀው በየቤታችን እናነባለን። ያንኑ መጽሐፍ የምናነብ ሰዎች፣ ጭቃ በእጁ የሚያበጅን ሰው ለምን እንደምንፈራ ይህ ጸሐፊ አልገባውም። ያቺ ዓይነ ስውር ልጅ ግን እጁን ጨብጣው ነበር። ይህን ማስታወሱ ነው ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በፊት ጸሐፊውን ወደ ወንዳፍራሽ በር የወሰደው።

ወንዳፍራሽ ከበሩ ውጪ ነበር። ከየት ጉልበት እንዳገኘ እንጃ፣ ጅቧን ከሳሎን እየጎተተ አውጥቶ የመንገዱ ዳር ፀሐይ ላይ አስቀምጧታል። ጋቢ የለም፤ አልጋ ልብስ የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው እዚያ ሲደርስ መንገዱን ይቀይራል። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው። ወንዳፍራሽ ይህን አየና አቀረቀረ።

ከላይ የተጻፈውን አብዛኛውን ለጸሐፊው የነገረው እዚያው ቆሞ ነው። ሲጨርስ ኮቱን ጠረገ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መኪናው ነገ ይመጣል" አለ። "ትንሳኤ ደግሞ የቀረ ልብሷን ልትወስድ ዛሬ ትመጣለች። አራት ሰዓት ላይ። ለእናቷ ነው የደወለችው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምጣቷም..." አለ ጸሐፊው።

"አንድ ነገር ልለምንህ። እምቢ ብትለኝም አልቀየምህም።" በእጁ መዳፍ የጅቧን ጀርባ ጠረገ፤ አቧራ አልነበረበትም። "እሷ በዚህ መንገድ ነው የምትመጣው። ሰዉም ያን ጊዜ ከቅዳሴ ይወጣል። ያለ ጋቢ፣ እንዲሁ... እስክትመጣ ድረስ እላይዋ ትቀመጥልኛለህ?"